የአንጎል ዘበኞች፦ ሳይንስ ከመቶ ዓመት በላይ የናቃቸው ሴሎች ታሪክ



ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት ልጅ አባቷን ይዛ ወደ ምርመራ ክፍሌ ገባች። አባት ኮታቸውን በሥርዓት የለበሱ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። «አባባ፣ ሰፈርዎ የት ነው?» ስላቸው ሳያመነቱ «ውቤ በረሃ!» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው! የትኛው ጠጅ ቤት ከየትኛው ጋር ይጎራበት እንደነበር፣ ማታ ማታ ከየቤቱ ይሰማ የነበረውን ማሲንቆ፣ ከቤታቸው እስከ ጊዮርጊስ የሚወስደውን የእግር መንገድ አንድ በአንድ አወጉኝ። ጠዋት ምን ቁርስ እንደበሉ ስጠይቃቸው ግን ዝም ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዶክተር፣ ከውቤ በረሃ ከወጣን ስንት ዓመታችን! ቤቱም ፈርሷል። አባዬ ግን ሲመሽ ኮቱን ይለብስና ‹ወደ ቤቴ ውሰጂኝ› ይለኛል። ሰዉ ሁሉ ‹ጃጅቷል፣ እርጅና ነው፣ ተይው› ነው የሚለኝ» አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ «እርጅና ነው፣ ተይው» የሚለው ቃል ነው። ሳይንስም ራሱ በአንጎላችን ውስጥ ስላሉ እጅግ ብዙ ሴሎች ከመቶ ዓመት በላይ «ሙጫ ናቸው፣ ተዋቸው» ሲል ኖሯል። ያ ንቀት ስህተት እንደነበር የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። ታሪኩን ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድንጋዩና ጭቃው

አፄ ቴዎድሮስ ዘውድ በጫኑ በዓመቱ፣ በ1856፣ ሩዶልፍ ቪርሾ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በአንጎል ውስጥ ከነርቭ ሴሎች መካከል የሚገኘውን ነገር «ኒውሮግሊያ» ብሎ ሰየመው። «ግሊያ» በግሪክኛ ሙጫ ማለት ነው። ለእሱ የነርቭ ሴሎችን አያይዞ የሚያቆም ማጣበቂያ ነበር።

የፒያሳን አሮጌ የድንጋይ ቤቶች ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ድንጋዩን ሁሉም ያያል፣ ያደንቃል። በድንጋዮቹ መሐል ያለውን ጭቃ ግን ግንቡ እስኪሰነጠቅ ድረስ ማንም ልብ አይለውም። የነርቭ ሴሎች ድንጋዮቹ፣ ግሊያዎቹ ጭቃው ሆነው ቀሩ።

ብር የገለጠው ምስጢር

ፒያሳ በወርቅና በብር ቤቶቿ ስትታወቅ የኖረች ሰፈር ናት፤ ስሟም የጣሊያንኛ ነው። የአንጎልን ምስጢር መጀመሪያ የገለጠውም አንድ ጣሊያናዊ ነው፤ መሣሪያውም ብር ነበር። ካሚሎ ጎልጂ በ1873 በአንድ ሆስፒታል ማድ ቤት ውስጥ ባደራጃት ትንሽ ላብራቶሪ፣ የአንጎልን ቅንጣት በብር ጨው እየነከረ ሴሎቹን አጥቁሮ ማሳየት ቻለ። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ዘዴውን አሻሽሎ የነርቭ ሴሎችን እስከ ዛሬ በሚደነቁ ሥዕሎች ሣላቸው። በ1906 ሁለቱ የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ክብሩ ግን በአብዛኛው ለነርቭ ሴሎች ሆነ።

የካሃል ተማሪ ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ግን ሌሎቹ ትኩረት ወዳልሰጡት ወደ «ሙጫው» ዞረ። አዲስ የብር ቀለም ፈጠረና በ1919 ጥቃቅን፣ ቅርንጫፋቸውን ዘርግተው የሚቃኙ ሴሎችን ለይቶ «ማይክሮግሊያ» አላቸው። በ1921 ደግሞ «ኦሊጎደንድሮሳይት» የሚባሉትን በዝርዝር ገለጸ። ከመምህሩ ጋር ተቃቅሮ ከላብራቶሪው ወጣ፤ በኋላም የአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት አሰደደው። በ1945 ያረፈው በአርጀንቲና ነው።

ዛሬ የእነዚህን ሴሎች ሥራ እንዲህ ብለን ልንረዳው እንችላለን፦

አስትሮሳይት የቤቱ እመቤት ነው። የነርቭ ሴሎችን ይመግባል፣ ትርፍ ኬሚካል ይጠርጋል፣ ከደም ወደ አንጎል የሚገባውን ለመቆጣጠር ይረዳል።

ኦሊጎደንድሮሳይት የመብራት ሠራተኛ ነው። የነርቭ ሽቦዎችን ማይሊን በሚባል ቅባታማ ሽፋን ይጠቀልላል። ሽፋኑ በራሳችን የመከላከያ ኃይል ሲጠቃ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው ሕመም ይመጣል።

ማይክሮግሊያ ዘበኛው ነው። ሌትና ቀን ይቃኛል፤ ጀርም ሲገባ ይከላከላል፣ ቆሻሻ ሲያገኝ ይውጣል።

ብዛታቸውስ? ለረጅም ጊዜ በአንድ የነርቭ ሴል አሥር ግሊያ አለ ይባል ነበር። በ2009 የወጣ የብራዚል ተመራማሪዎች ቆጠራ ግን የሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የነርቭ ሴሎችና ቁጥራቸው ከዚያ ጋር የሚቀራረብ ሌሎች ሴሎች እንዳሉት አሳይቷል። በግምት ግማሽ ለግማሽ መሆኑ ነው።

አልዛይመር አይቶት ነበር

በ1906 ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር ስለ አንዲት ታካሚው ለባልደረቦቹ ገለጻ አደረገ። ሴትዮዋ አውጉስተ ዴተር ትባላለች፤ የመርሳት ሕመሟ የጀመረው ገና በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከሞተች በኋላ አንጎሏን ሲመረምር ዛሬ የአልዛይመር በሽታ መለያ የሆኑትን የተጠራቀሙ ዝቃጮችና የተቋጠሩ ክሮች አገኘ። በ1907 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ላይ ግሊያዎቹም እንደተለወጡና በውስጣቸው ስብ እንደተጠራቀመ ጽፏል። ጊዜው እዚህ አራዳ ላይ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሥራ የጀመረበት ዘመን ነው። የዓለም ትኩረት ግን በዝቃጮቹና በክሮቹ ላይ ቀረ። የግሊያዎቹ ነገር በአብዛኛው ተረሳ።

የእኛው ጓያ

ጽዳት ሠራተኛው ያልቻለው መርዝ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አራዳ የጣሊያን ወረራ እስኪመጣ ድረስ የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ነበረች። ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ገጠሮች ብዙዎቹ ጓያን ጠንቅቀው ያውቁታል። ጓያ ድርቅን ይቋቋማል። ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይተርፋል፤ ድሃው ገበሬ እሱን እየበላ ክፉን ቀን ያልፋል። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን ያሸፍታል። ጠዋት ደህና የነበረ ወጣት ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ከዚያ ወዲያ በዱላ ነው።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ገጠሮች ይህን ሕመም አጥንተው በ1990 ለዓለም አሳወቁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በወሎ ደላንታ ዳውንት በወረርሽኝ መልክ ተከሰተ።

በጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ ግሉታሜት የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል ይመስላል። ግሉታሜት ልኩን ሲያልፍ የነርቭ ሴልን ይጎዳል፤ ትርፉን የሚጠርገው አስትሮሳይት ነው። ኦዳፕ ግን ግሉታሜትን መስሎ ገብቶ የነርቭ ሴሉን ከልክ በላይ ይቀሰቅሰዋል። በላብራቶሪ ሲታይ አስትሮሳይቶቹንም ይነካል። ጉዳቱ እንደ አልዛይመር በየዓመቱ እየባሰ የሚሄድ ባይሆንም አንዴ ከደረሰ አይመለስም።

ስለዚህ እናቶች ልብ በሉ። አልፎ አልፎ የሚበላ የጓያ ሽሮ ሽባ አያደርግም። አደጋው ለወራት በእሱ ብቻ መኖር ላይ ነው። በ2003 የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት በተለይ እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን አብዝቶ መብላት አደጋውን እንደሚጨምር አሳይቷል። ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልና ቅመም ባለው ወጥ መብላት ደግሞ አደጋውን ይቀንሳል።

ዘበኛው ሲሳሳት

ዘበኛ ቤት ይጠብቃል። ሌባና ልጅ መለየት ካቃተውና በጨለማ ከተኮሰ ግን የራሱን ቤተሰብ ይጎዳል። የማይክሮግሊያም ነገር እንዲሁ ሆኖ ተገኘ።

በ2006 በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ጡንቻን በሚያሽመደምደው ኤኤልኤስ በተባለው የነርቭ በሽታ ላይ፣ የተበላሸውን ጂን ከማይክሮግሊያ ብቻ ሲያስወግዱ የበሽታው ግስጋሴ እንደቀነሰ አሳየ። በ2012 መጨረሻ፣ በማይክሮግሊያ ላይ የሚገኝ ትሬም 2 የተባለ ጂን ላይ ያለ ለውጥ በአልዛይመር የመያዝ ዕድልን በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር ታወቀ። በ2017 ደግሞ የተቆጣ ማይክሮግሊያ አስትሮሳይቱን ሊያሳምፅ፣ እሱም ይመግባቸው የነበሩትን የነርቭ ሴሎች ሊገድል እንደሚችል ታየ።

ከቪርሾ «ሙጫ» እስከዚህ ድረስ ከ150 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ዘበኛውን የሚያረጋጋ መድኃኒት እየፈለጉ ነው። አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት ግን እስካሁን የለም።

እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ «ጃጅቷል» ብላችሁ አትተዉ። መርሳት የሚያመጡ፣ ሲታከሙ ግን ሊሻሻሉ የሚችሉ ችግሮች አሉ፦ የእንቅርት ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ከወደቁ በኋላ በጭንቅላት ውስጥ የሚጠራቀም ደም። አስመርምሩ። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ በድንገት የመጣ መቃዠት ደግሞ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱ።

ሁለተኛ፣ ገና ወጣት ሳለን ዘበኞቹን እንጠብቅ። በ2024 የወጣ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ግምገማ 14 ልንቆጣጠራቸው የምንችላቸው ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ ሁሉንም ማስወገድ ቢቻል ከመርሳት ሕመም 45 በመቶውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሏል። ደም ግፊትና ስኳር መቆጣጠር፣ ሲጋራ መተው፣ መጠጥ አለማብዛት፣ በእግር መሄድ፣ የመስማት ችግርን መታከም፣ ከሰው አለመነጠል ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ሦስተኛ፣ የታመመውን ሰው አትሟገቱት። ለልጅቷም ያልኳት ይህንኑ ነው፦ «‹ቤቱ ፈርሷል› አትበያቸው። በነገርሻቸው ቁጥር እንደ አዲስ መርዶ ነው የሚሰሙት። ይልቅ ‹እስቲ ስለ ቤቱ ንገረኝ፣ ጎረቤታችን ማን ነበር?› በያቸው።»

የአባትየው ደም ግፊት ከፍ ብሎ ስለነበር ሕክምና ጀመርን፤ የእንቅርትና የቫይታሚን ምርመራም አደረግን። ሕመማቸው አልጠፋም፣ እንደሚጠፋም ቃል አልገባሁም። በሁለተኛው ቀጠሮ ልጅቷ «አሁንም ኮቱን ይለብሳል፤ ግን በር ላይ አንጣላም። ቡና አፈላለታለሁ፣ እሱ ውቤ በረሃን ያወራልኛል፣ ከዚያ ይተኛል» አለችኝ።

እሷ ራሷ ግን ከስታ ነበር። ግንቡን ይዞ የሚያቆመውን ጭቃ ማንም ልብ አይለውም ብዬ አልነበር? በየቤቱ አባትና እናት የሚያስታምሙ ልጆችም እንደዚያው ናቸው። ወንድምና እህቶች ካላችሁ ተራ ግቡ። ጎረቤት ከሆናችሁ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌውን አጫውቱና አስታማሚዋ ትተኛ።

ይህን ጽሑፍ አረጋዊ ለሚያስታምም ሰው አጋሩለት። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ።

ጤናችሁ ይብዛ!