ሸክላ፣ መርፌና ጆሮ

ሙዚቃ እንደ ሥዕል ወይም እንደ ሐውልት ቆሞ የሚጠብቀን ጥበብ አይደለም፤ በተሰማበት ቅጽበት ያልፋል። የሰው ልጅ ይህን አላፊ ድምፅ ቀርጾ መልሶ ለመስማት የበቃው ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ፎኖግራፍን ከሠራ በኋላ ነው። መሣሪያው ወደ አገራችን ለመድረስ ብዙ አልዘገየም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1899 ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት መልእክት በፎኖግራፍ የተቀረጸ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ።

በዚያ ዘመን ድምፅ የሚቀረጸው ያለ ኤሌክትሪክ ኃይል ነበር። ዘፋኙ በትልቅ ጡሩምባ አፍ ፊት ቆሞ ያዜማል፤ የድምፁ ንዝረት መርፌውን አንቀሳቅሶ በሰም ላይ መሥመር ያወጣል። እጅግ ወፍራሙና እጅግ ቀጭኑ ድምፅ ግን ከመሥመሩ ውጭ ቀረ። ስለዚህ የነጋድራስ ተሰማን ሸክላ ዛሬ ዋጋው በማይቀመስ መሣሪያ ብናጫውተው እንኳ ያልተቀረጸውን ሊወልድልን አይችልም። መሣሪያ የሚመልሰው የተሰጠውን አደራ ብቻ ነው።

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ የታተሙት ሸክላዎች ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። በማይክሮፎንና በኤሌክትሪክ ኃይል የተቀረጹ በመሆናቸው የቤዝ ጊታሩ ርግጫ፣ የሳክስፎኑ ትንፋሽና የከበሮው ምት በመሥመሩ ውስጥ ሰፍረዋል። ይሁን እንጂ አብዛኛው አድማጭ የሰማቸው መርፌዋ በዶለዶመ አነስተኛ ማጫወቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ካሴት የሸክላን ቦታ ወሰደ። ካሴት ሙዚቃን ከከተማ ሳሎን አውጥቶ ለሰፊው ሕዝብ ማዳረሱ የማይካድ ታላቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ከቅጂ ላይ ቅጂ በተወሰደ ቁጥር እሽታው እየጨመረ፣ የድምፁ ጥራት እየደበዘዘ ሄደ። በዚህም ምክንያት ዜማውንና ግጥሙን በቃላችን የያዝነውን ዘፈን ያጀቡትን የሙዚቀኞች ድካም ሳናውቀው ኖርን።

ጥራት ያለው ማጫወቻ ፋይዳው እዚህ ላይ ይታያል። ሸክላውን ፍጥነቱ ሳይዋዥቅ የሚያሽከረክር፣ መርፌው ያልተበላ፣ ድምፅ ማጉያው ወፍራሙን ከቀጭኑ ሳያምታታ የሚያወጣ መሣሪያ የተሸፈነውን ሙዚቀኛ ይገልጥልናል። መሣሪያውን ለሀብት መታያ አድርጎ ሳሎን ውስጥ መደርደር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚያደምጠው ሙዚቃውን ሳይሆን ገንዘቡን ነው።

ከዚህ የምንገነዘበው የማዳመጥ ደስታ መሠረቱ የመጀመሪያው ቅጂ መሆኑን ነው። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አቧራ የለበሰ ሸክላ አንድ ጊዜ ከተሰበረ ማናቸውም መሣሪያ አይመልሰውም። እንግዲህ መምህሩ ለተማሪው፣ አርቲስቱ ለተተኪው፣ የባህል ሠራተኛውም ለአካባቢው ኅብረተሰብ ሸክላን መጠበቅን ያስተምር። ጆሮ የሚረካው አስቀድሞ እጅ በጥንቃቄ ያኖረውን ነውና።