ቀላሉ የእንፋሎት ሲጋራ ስለ ምን አልተረሳም

አዲስ መሣሪያ በወጣ ጊዜ አሮጌው ወዲያው ከሰው እጅ ይጠፋል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። የዕቃዎችን ታሪክ ጠጋ ብሎ የመረመረ ሰው ግን ነገሩ ዘወትር እንዲህ ሆኖ አያገኘውም። የኤሌክትሪክ መብራት በገባበት ቤት እንኳ ኩራዝ ከጓዳ አይጠፋም፤ የብዕር ዓይነት በበዛበት ዘመንም እርሳስ እንዳለ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገርለት ዕቃ ከኩራዝም ከእርሳስም ይልቅ በዕድሜው እጅግ ለጋ ነው፤ ይኸውም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፥ ወይም በተለምዶ ቬፕ የሚባለው ነው። ገበያ ላይ ከዋለ ከሃያ ዓመት ብዙም ያልራቀ ሲሆን፥ በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ እንኳ «የጥንቱ»ና «የዛሬው» የሚባሉ ወገኖች ተለይተውበታል፤ የጥንቱም ወዳጆች ጥቂቶች አይደሉም። ይህ ስለ ምን ሆነ? ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የቀረበ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የብዙ አጫሾች ጤናና የብዙ ተማሪ ልጆች ዕድል ከመልሱ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ ልንመረምረው ይገባል።

ታሪኩ ከሚታሰበው በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። በ1927 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ፥ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) ጆሴፍ ሮቢንሰን የተባለ ሰው መድኃኒትን በኤሌክትሪክ ሙቀት ወደ እንፋሎት ለውጦ ለመሳብ የሚያገለግል ዕቃ አስቦ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ጠየቀ። በ1930 ተፈቀደለት፤ ዕቃው ግን ወደ ገበያ ሳይወጣ ቀረ። ከእርሱ በኋላ በፔንሲልቬኒያ ግዛት በቢቨር ፎልስ ከተማ ይኖር የነበረው ኸርበርት ጊልበርት በ1963 ዓ.ም. ጭስም ትንባሆም የሌለበት ሲጋራ አስቦ ማመልከቻውን አገባ። ሐሳቡ የሚቃጠለውን ወረቀትና ትንባሆ በሞቀ፥ እርጥበትና ጣዕም ባለው አየር መተካት ነበር። ማመልከቻው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ሳለ፥ በጥር 1964 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ሹም ሲጋራ የሳንባ ነቀርሳ ያመጣል የሚለውን ዝነኛ መግለጫ አወጣ። ጊልበርትም በነሐሴ 1965 የፈጠራ መብቱን በቍጥር 3,200,819 ተቀበለ። እንዲህ ያለ ምቹ ጊዜ ገጥሞት ሳለ ዕቃውን የሚሠራለት ኩባንያ አላገኘም። በእኔ ግምት ምክንያቱ ሁለት ነው፤ የዚያን ዘመን ባትሪ ለዚህ ሥራ ደካማ ነበረ፤ ዕቃው ኒኮቲን ስላልነበረውም የአጫሹን ጥማት አያረካም ነበር።

ሥራው የተሳካለት ሰው በቻይና አገር በሼንያንግ ከተማ ይኖር የነበረው ፋርማሲስት ሆን ሊክ ነው። እርሱ ራሱ ብርቱ አጫሽ ነበረ፤ አባቱም በሳንባ ነቀርሳ ሞተዋል። በ2003 ዓ.ም. የፈጠራውን ማመልከቻ አገባ፤ በ2004 ዕቃው በቻይና ተሸጠ፤ ኩባንያውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ጭስ መሰል» የሚል ትርጉም ባለው «ሩያን» በሚለው ስም ታወቀ። በ2006ና በ2007 ዕቃው ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የሆን ሊክ የመጀመሪያው መሣሪያ ፈሳሹን የሚበትነው ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ንዝረት ነበረ፤ ይህም ረቂቅ አሠራር ነው። ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ በባትሪ የሚግል ተራ ሽቦ ቦታውን ወሰደበት። ስለዚህ በዚህ ዕቃ ታሪክ ውስጥ ቀላሉ ረቂቁን ያሸነፈው ገና ከጅምሩ ነው ማለት ይቻላል።

ኩራዝን የሚያውቅ ሰው ቬፕን ለማወቅ አይቸገርም። በኩራዝ ውስጥ ጋዙ በክሩ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣና ጫፉ ላይ ይነድዳል። በቬፕም ውስጥ ፈሳሹ በጥጥ እየተሳበ ወደ አንድ ጥምጥም ሽቦ ይደርሳል፤ ልዩነቱ እዚህ ነበልባል አለመኖሩ ነው። ሽቦው ከባትሪ በሚመጣው ኤሌክትሪክ ይግላል፥ ፈሳሹም ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ከተባሉ ሁለት ነገሮች፥ ከማጣፈጫና ብዙውን ጊዜ ከኒኮቲን የተቀመመ ነው። ጋዝ ያለቀበት ኩራዝ ክሩን እንደሚያቃጥል፥ ፈሳሽ ያጠረበት ቬፕም ጥጡን ያሳርራል፤ አንድ ጊዜ የቀመሰው ሰው ያን የምሬት ጣዕም አይረሳውም ይባላል።

የዚህ አሠራር ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው በ2010 አካባቢ ጆይቴክ የተባለው የቻይና ኩባንያ ያወጣው ኢጎ የሚባለው ዓይነት ነው። መልኩ እንደ ወፍራም ብዕር ነው፤ አንድ ባትሪ፥ አንድ ቍልፍና ፈሳሽ የሚሞላበት አንድ ትንሽ ዕቃ አለው። የሽቦው መከላከያ ወደ 2 ኦም፥ የባትሪው ግፊት ደግሞ በአማካይ 3.7 ቮልት ነበር። የፊዚክስ ተማሪ ወዲያው እንደሚያሰላው፥ ከዚህ የሚወጣው ኀይል 7 ዋት እንኳ አይሞላም። ባትሪውንና የፈሳሹን ዕቃ የሚያያይዘው ብሎን አሥር ጥርስ አለው፤ የጥርሶቹም ርቀት ግማሽ ሚሊሜትር ነው። 510 የተባለው ይህ ጥርስ ስሙን ያገኘው ከዚያው ኩባንያ ከአንድ ቀደም ያለ ትንሽ ሲጋራ ሲሆን፥ ትንሿ ሲጋራ ከተረሳች በኋላ እንኳ ሌሎች ሠሪዎች ሁሉ ተቀብለውት የጋራ መለኪያ ሆነ። ስለዚህ የአንዱ ኩባንያ ዕቃ ከሌላው ባትሪ ጋራ ይገጥማል፤ የተበላሸውን ክፍል ብቻ ለይቶ መለወጥም ይቻላል።

በዚያው ጊዜ በፋብሪካው ዕቃ ያልረኩ ሰዎች በየቤታቸው መሥራት ጀመሩ። የእጅ ባትሪ ቀፎ ወስደው ውስጡን እየለወጡ፥ ወፈር ያለ ባትሪ እያስገቡ፥ ከፋብሪካው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ የሚያገለግል ዕቃ አበጁ። በ2008 አካባቢ በእንግሊዝ አገር ከተሠሩት አንዱ «ካቻቢቴ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ይጠራ ነበር። ከእነዚህም ውስጥ ምንም ዓይነት ተቈጣጣሪ የሌለበት የብረት ቱቦ ተወለደ፤ ቍልፉ ሲጫን ባትሪው በቀጥታ ከሽቦው ጋራ ይገናኛል፤ ከዚህ ሌላ በውስጡ ምንም የለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የኀይል እሽቅድምድም ነው። በ2011 ኀይሉን በቍጥር የሚያሳይ መስኮት ያለው መሣሪያ ወጣ፤ በ2014 የሽቦውን ሙቀት የሚለካ ተጨመረ፤ ቀጥሎም 200 ዋት የሚሰጡ ሣጥን መሰል ዕቃዎች ተሸጡ። የቀድሞው ብዕር 7 ዋት እንዳልሞላ አንባቢ ያስታውሳል። እነዚህ ትልልቆቹ ጉም የሚያህል እንፋሎት ያወጣሉ፤ ፈሳሽና ባትሪም በዚያው ልክ ይበላሉ።

እንግዲህ ቀላሉ ስለ ምን አልተረሳም? በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት የአሳሳብ ነገር ነው። ብዙ ዓመት ሲጋራ ያጨሰ ሰው ጭሱን አስቀድሞ ወደ አፉ ይስበዋል፥ ከዚያም ወደ ሳንባው ያወርደዋል። ትንሹ መሣሪያ ይህንኑ ልማድ ይጠብቅለታል፤ ትልቁ ግን በአንድ ትንፋሽ በቀጥታ ወደ ሳንባ የሚሳብ ስለ ሆነ ለአጫሽ እንግዳ ነው። ሁለተኛ፥ ዕቃው ሲበላሽ ምክንያቱ ይታወቃል፤ ባትሪው ነው፥ ወይም ሽቦው ነው፥ ወይም ጥጡ ነው። በሽማግሌነታቸው ሲጋራ ለመተው የተነሡ ሰዎች ከሲጋራው ጋራ እየታገሉ ሳለ ከዕቃው ጋራ ደግሞ መታገል አይሹም። ትዝታም በነገሩ ውስጥ ድርሻ እንዳለው አይካድም፤ ሰው ከክፉ ልማድ ያወጣውን ዕቃ ቶሎ አይጥለውምና።

ይሁን እንጂ ቀላል የሆነው ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ስለዚያ ስለ ብረት ቱቦ እንደ ገና እናስላ። የተሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት አለው። ሽቦው 0.5 ኦም ቢሆን 8.4 አምፔር ይፈስሳል፤ ይህን ጥሩ ባትሪ ይችለዋል። ሽቦው 0.1 ኦም ቢሆን ግን 42 አምፔር ይሆናል፤ ይህም ለብዙዎቹ ባትሪዎች ከዐቅማቸው በላይ ነው፤ የሚከለክለውም ተቈጣጣሪ በውስጡ የለም። በ2018 በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት አንድ ሰው ቬፑ ስለ ፈነዳበት ሞተ። ስለዚህ የሒሳቡን ሕግ ለማያውቅ ሰው ይህ ቱቦ አይመከርም፤ ብዕር መሰሉን ኢጎና ይህን ቱቦ በአንድነት «የጥንቱ» ብሎ መጥራትም ነገሩን ያዳፍናል።

በሌላ በኩል ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ጁልን የመሰሉ፥ ፈሳሻቸው አስቀድሞ የተሞላ ትናንሽ ዕቃዎች መጡ። እነዚህም በአጠቃቀም ቀላል ናቸው፤ እንዲያውም ቍልፍ እንኳ የላቸውም። ነገር ግን ኒኮቲናቸው ብርቱ፥ ጣዕማቸውም የሚማርክ ስለ ሆነ፥ በ2019 በአሜሪካ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል 27.5 በመቶ የሚሆኑት በወሩ ውስጥ ቬፕ እንደ ተጠቀሙ የመንግሥቱ ጥናት አሳየ። በዚያው ዓመት የተነሣው የሳንባ ሕመም እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎችን ሆስፒታል አስገብቶ ወይም ገድሎ ተቈጠረ፤ ከእነዚህ 68ቱ ሞተዋል። ለሕመሙ ዋና ምክንያት ሆኖ የተገኘው በሐሺሽ ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነበር። ተጠቃሚው የሚስበውን ነገር ምንነት ካላወቀ የመሣሪያው ቀላልነት ምንም እንደማይጠቅመው ከዚህ ይታያል።

መንግሥታት ለዚህ ሁሉ የሰጡት መልስ የተለያየ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2016 ጀምሮ የፈሳሹን ዕቃ ከ2 ሚሊሊትር፥ ኒኮቲኑን በአንድ ሚሊሊትር ከ20 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ሳያስበውም ይሁን አስቦበት፥ ይህ ውሳኔ ለትንሹ መሣሪያ የሚያደላ ሆነ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በጥቅምት 2021 ለመጀመሪያ ጊዜ የሽያጭ ፈቃድ የሰጠው ቬፕ ከ2013 ጀምሮ የነበረው፥ የትንባሆ ጣዕም ያለው ቩዝ ሶሎ ነው፤ ይህም በመልኩ ከሲጋራ ብዙ የማይለይ አሮጌ ዓይነት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ አንድ ጊዜ ተስበው የሚጣሉትን ከሰኔ 1 ቀን 2025 ጀምሮ እንዳይሸጡ ከልክሏል፤ እንደ ገና የሚሞሉትንና ባትሪያቸው የሚሞላውን ግን አልከለከለም። በአገራችን በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. (በእኛው አቈጣጠር) የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረትን፥ ማስመጣትንና መሸጥን ጨርሶ ከልክሏል፤ የጥንቱንና የዛሬውን አይለይም።

ቀላሉ ዕቃ በእርግጥ ይጠቅማል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከተደረጉት ምርመራዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር ተፈጽሞ በ2019 ዓ.ም. የታተመው ነው። ማጨስ ለመተው የፈለጉ 886 ሰዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። ለእኩሌቶቹ እንደ ማስቲካና የሚለጠፍ ኒኮቲን ያለ የተለመደ መድኃኒት ተሰጣቸው። ለቀሩት ደግሞ ፈሳሽ የሚሞላ ብዕር መሰል መሣሪያ ከአንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ጋራ ተሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ፈሳሹን እንደ ምርጫቸው እየገዙ እንዲቀጥሉ ተነገራቸው። ለሁለቱም ወገኖች የምክር አገልግሎት ተጨምሮላቸው ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ በመድኃኒቱ ከተረዱት 9.9 በመቶ፥ በመሣሪያው ከተረዱት ደግሞ 18 በመቶ የሚሆኑት ሲጋራ ትተው ተገኙ። ልዩነቱ እጥፍ ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። በመሣሪያው ከተረዱትም እንኳ ከመቶ ሰማንያ ሁለቱ እንዳልተሳካላቸው ግን ማለፍ አይገባም።

የምርመራው ሌላ ፍሬ ደግሞ ይህ ነው፤ በመድኃኒቱ ሲጋራ ከተዉት መካከል መድኃኒቱን ዓመት ሙሉ ይዘው የተገኙት 9 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፥ በመሣሪያው ከተዉት ግን 80 በመቶ የሚሆኑት ዓመቱ ሲያልቅ መሣሪያውን ገና በእጃቸው እንደ ያዙ ነበሩ። ከሲጋራው ተላቀዋል፤ ከኒኮቲኑ ግን አልተላቀቁም። ሐኪሞች በዚህ ላይ ተከፋፍለዋል፤ አንዳንዶቹ ከሚቃጠለው ትንባሆ መራቅ ራሱ ይበቃል ይላሉ፤ ሌሎቹ ግን ይህ ሰንሰለቱን መለወጥ እንጂ መፈታት አይደለም ይላሉ። እኔ ወደ ፊተኞቹ አዘነብላለሁ፤ ይኸውም ለብዙ ዓመት ላጨሰ ሽማግሌ እንጂ፥ ሲጋራ ቀምሶ ለማያውቅ ተማሪ አይደለም።