ኖትያዊው ስሎከምና ቤቱ የነበረችው ጀልባ

ዛሬ በታናሽ የሸራ ጀልባ ውስጥ አልጋውንና ምድጃውን አደላድሎ ከወደብ ወደ ወደብ የሚዞር ሰው ሲታይ ገንዘብ የተረፈው ባለጸጋ ይመስላል፤ የልማዱን ጥንተ ነገር የሚመረምር ግን ከአባቶቹ መካከል እጅግ ዝነኛው ሥራ ያጣ መርከበኛ ሆኖ ያገኘዋል። ካፒቴን ጆሹዋ ስሎከም በ1844 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በካናዳ፣ በኖቫ ስኮሺያ ተወልዶ፣ ከተራ መርከበኛነት ተነሥቶ እስከ ሊቀ ሐመርነት የደረሰ፣ ልጆቹንም በባሕር ላይና በባዕድ ወደቦች የወለደ ሰው ነበር። ነገር ግን ነፋስን የማይለምነው የእንፋሎት መርከብ ጭነቱን እየነጠቀ በሄደ ጊዜ፣ የባለሸራዎቹ አዛዥ ደብሩ እንደ ተዘጋበት አለቃ ማዕርጉን ብቻ ይዞ ቀረ።

በጀልባ መኖርንም ያስተማረው መከራ ነው። በ1887 አኩዊድኔክ የተባለችው መርከቡ በብራዚል ዳርቻ ተሰብራ፣ ከሁለተኛ ሚስቱ ከሄቲና ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር በሰው አገር በቀረ ጊዜ፣ ከስብርባሪው የተረፈውን ከዱር ከተቈረጠ እንጨት ጋር አጋጥሞ 35 ጫማ የምትረዝም ጀልባ ሠራ፤ ሸራዋን ሄቲ በእጇ ሰፋች። ጀልባይቱ ወደ ውሃ የወረደችው በሜይ 13 ቀን 1888፣ የብራዚል ባሮች በሕግ ነጻ በወጡበት ዕለት ስለ ሆነ፣ በፖርቱጋል ቋንቋ ሊበርዳዴ፣ ማለት ሐርነት፣ ተብላ ተሰየመች። አራቱም በእርሷ አሜሪካ በደኅና ገቡ። ሄቲ ከዚያ ወዲያ በረጅም ጉዞ አልተከተለችውም፤ እኔም አልፈርድባትም።

በ1892 የብርድ ወራት ኤበን ፒርስ የተባለ የዓሣ ነባሪ አዳኞች ካፒቴን፣ እድሳት የምትሻ መርከብ እሰጥሃለሁ ቢለው፣ ስሎከም ወደ ማሳቹሴትስ፣ ወደ ፌርሄቨን ከተማ ወረደ። ያገኛት ግን ከባሕር ርቃ፣ በከብት መሰማሪያ ላይ በድጋፍ ቆማ፣ ሸራ ተከናንባ ሰባት ዓመት የኖረች አሮጌ የዛጎል ዓሣ ማጥመጃ ነበረች። ሌላ ሰው ቢሆን በሰጪው ቀልድ ስቆ በተመለሰ ነበር፤ እርሱ መጥረቢያ አነሣ። በአቅራቢያው የነበረ ጽኑ የባሉጥ ዛፍ ተቈርጦ የጀልባይቱ አከርካሪ ሆነ፤ የጎድን አጥንቶቿ የሚሆኑት እንጨቶች በእንፋሎት ሣጥን ውስጥ እስኪለሰልሱ ከቆዩ በኋላ በግንድ ላይ እየተለመጡ እስኪጸኑ ድረስ ታሰሩ። የመንደሩ ሰዎች እየመጡ ትርፉ ምንድን ነው እያሉ ይጠይቁት ነበር፤ ኖኅም ሳይጠየቅ አልቀረም። ከአሥራ ሦስት ወር ድካም በኋላ፣ ለዕቃው የወጣው ገንዘብ 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ሆኖ፣ ከአሮጌው እንጨት የተረፈ ሳይኖር ስሟ ብቻ ስፕሬይ እንደ ተባለ ጸና።

ርዝመቷ 37 ጫማ ሳይሞላ ስፋቷ ከ14 ጫማ አለፈ። ለእሽቅድምድም ጀልባ እንዲህ ያለ ወገብ ነውር ነው፤ ጓዙን ጭኖ ለሚያድርባት ግን ጎተራ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሁሉ ጀልባ ሲመርጥ ይሳሳታል። ከፊት ስድስት ጫማ በስድስት የሆነ ማድቤት፣ ከኋላ አሥር ጫማ በአሥራ ሁለት የሆነ ክፍል ነበራት፤ ሁለቱም ከላይኛው ወለል ሦስት ጫማ ያህል ብቅ ብለው የቀረው ቁመታቸው በሆዷ ውስጥ ነው። በጎን መኝታ፣ መደርደሪያ፣ የመድኃኒት ሣጥን፤ በመካከል ለብዙ ወራት የሚበቃ ውሃና በጨው የተያዘ ሥጋ። ከመጻሕፍቱ በቀር የመነኩሴ በዓት ነው ልል ነበር፤ ለካ መነኩሴም መጻሕፍት አለው። ሰዓቱ ፊቱ ስለ ተሰበረ በአንድ ዶላር የተገዛ የቆርቆሮ ሰዓት ሲሆን፣ በኋላም አልሠራ ሲለው ቀቅሎ አስነሥቶታል። ስፕሬይ ግን መሪዋ ታስሮ ሸራዋ ከተስተካከለ መንገዷን ራሷ ትጠብቅ ነበር፤ ከተርስዴይ ደሴት እስከ ኪሊንግ ኮኮስ ያለውን 2,700 ማይል በ23 ቀን ሲያቋርጥ፣ ስሎከም መሪውን የጨበጠው በጠቅላላው ከሦስት ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ ነው። የቀረውን ጊዜ ያነብ፣ ያበስል፣ ይተኛም ነበር።

በአፕሪል 24 ቀን 1895 ከቦስተን ሲነሣ፣ ሐሳቡ በስዌዝ ቦይና በባሕረ ኤርትራ አልፎ ወደ ምሥራቅ መውጣት ነበር። ጅብራልታር ላይ የእንግሊዝ መኮንኖች በዚያ መንገድ ያሉትን የባሕር ወንበዴዎች ነገር ቢያስረዱት ፊቱን ወደ ምዕራብ መለሰ፤ ባይነግሩት ኖሮ በዚያ ዘመን ኢጣሊያኖች በያዙት በምጽዋ ፊት ባለፈ ነበር፣ የጻፈውንም ባነበብን ነበር። በማጄላን ወሽመጥ ሌሊት የሚመጡበትን ሰዎች የጠበቀው፣ በወለሉ ላይ የምንጣፍ ሚስማር ሾሉን ወደ ላይ አድርጎ በመበተን ነው፤ በባዶ እግራቸው የወጡትም እየጮኹ ወደ ታንኳቸው ተመለሱ። በጁን 27 ቀን 1898 ኒውፖርት ሲገባ 46,000 ማይል ተጉዞ፣ ምድርን ብቻውን በሸራ የዞረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ዋና ግን አያውቅም ነበር።

የጉዞው መጽሐፍ በ1900 ወጣ። በ1902 በማርታስ ቪንያርድ ደሴት ቤትና እርሻ ገዝቶ ገበሬ ለመሆን ሞከረ፤ ነገር ግን ብርድ ሲገባ እርሻውን ትቶ ስፕሬይን ወደ ሞቃቶቹ የካሪቢያን ደሴቶች ይነዳት ጀመር። ሄቲ በየብስ ቀረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ የኅዳር ወር እንደ ልማዱ ወደ ደቡብ ወጣ፤ እርሱም ጀልባይቱም ዳግመኛ አልታዩም፤ ፍርድ ቤትም ሞቷል ብሎ የወሰነው በ1924 ነው።