ለአሥሩ ሌሊቶች የሚሆን ቤት

ጋዜጠኝነት ስንማር «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን» እያልን ነው የተመረቅነው። እውነቱን ለመናገር «የት» ሁሌም ቀላሏ ጥያቄ ትመስለን ነበር። የከተማውን ስም ጽፎ ማለፍ ነዋ! የረመዷንን የመጨረሻ አሥር ቀናት ታሪክ በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ እንጻፍ ብለን ስንነሳ ግን ከሁሉም የከበደችን እሷ ሆነች።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ እናስረዳ። በ20ኛው የጾም ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ረመዷን መልኩን ይለውጣል። ቁርአን መውረድ የጀመረባት ለይለተል ቀድር ከእነዚህ ሌሊቶች በአንዷ፣ በተለይም በጎዶሎዎቹ (21፣ 23፣ 25፣ 27፣ 29) ትፈለጋለች። የዚያች ሌሊት አምልኮ ከ1,000 ወር፣ ማለትም ከ83 ዓመት በላይ ከሆነ ዕድሜ፣ ይበልጣል ተብሎ ስለሚታመን እንቅልፍ ይቀንሳል። ከተራዊህ በኋላ ተሀጁድ አለ። ቁርአኑን ለመጨረስ የሚታገል አለ። ኢዕቲካፍም አለ፤ ሥራን ትቶ መስጊድ ውስጥ መክተም ማለት ነው። ታዲያ ኢዕቲካፍ እንደ ጾሙ የትም አይሆንም። ሊቃውንቱ ወንድ ኢዕቲካፍ የሚገባው መስጊድ ነው ይላሉ፤ የሐነፊ መዝሀብ ለሴቶች ቤታቸው ውስጥ ለሶላት የለዩትን ጥግ ፈቅዷል። እናም የአሥሩን ሌሊቶች ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስለ መስጊድ መጠየቁ አይቀርም፤ መስጊድ ደግሞ የሚቆመው መሬት ላይ ነው።

ጎጃም ላይ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ቢቸናና ሞጣ በንጉሡ ዘመን ሁለቱም የአውራጃ ከተሞች ነበሩ። የታሪክ መጻሕፍት ስማቸውን አንድ ላይ የሚያነሱት በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በተነሳው የገበሬ ዐመፅ ነው። ገበሬው ግብሩ ውሎ አድሮ ርስቴን ይነካብኛል ብሎ ሰግቶ ነበር። ሙስሊም ጎረቤቱ ግን በአብዛኛው የሚሰጋለት ርስት አልነበረውም። ነገሩ ሥር የሰደደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተካሄደው የጎንደር ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወስኖ ነበር። መሬት ለሌለው የቀረለት ንግድና ሽመና ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣውን ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድ (እያፈርንም ቢሆን እንጻፈው፣ ባሪያም) በጎጃሙ የባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደርና ምጽዋ ያሻገሩት በአብዛኛው ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለን። ከኢድ ሶላት በፊት የሚሰጠው ዘካተል ፊጥር በአንድ ሰው አራት እፍኝ ሙሉ፣ ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ገደማ የሚሆን የአገሩ ቀለብ ነው። መሬት የሌለው ሸማኔ ይህን እህል የሚሸምተው ከማን ነበር? ከክርስቲያኑ ገበሬ ነዋ!

ለውጡ የመጣው ከአብዮቱ ጋር ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ክርስቲያኖችም የተቀላቀሉት ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ ተደረገ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ይቅር፣ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ነን ተባለ። በ1967 ዓ.ም. ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሻረ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ፣ የጁምዓ ዕለት ነበር። ሞጣ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሳ ከተባለ በኋላ የተሰበሰበ ሰው አራት መስጊዶች ላይ ጥቃት አደረሰ፤ የሙስሊም ሱቆችም ተቃጠሉ። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሰልፍ ተወጣ፤ ለመልሶ ግንባታ ገንዘብ ተዋጣ። «ተከባብሮ የኖረ ሕዝብ» የምትለዋን ሐረግ እኛም ስንት ጊዜ ጽፈናታል! ውሸት አይደለችም። ግን ርስቱ የማን ነበር ብላ ሳትጠይቅ ታልፋለች።

ከዚያ ቃጠሎ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ረመዷን ሚያዝያ 16 ቀን ገባ። ያኔ ኮሮና ነበር፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፤ የጀማዓ ሶላት ቆሟል። ግንቦት 5 ቀን አመሻሽ ላይ አሥሩ ሌሊቶች ሲጀምሩ የቢቸና ሰው መስጊዱ ቆሞ እያየው ተራዊህን ቤቱ ሰገደ። የሞጣም ሰው ቤቱ ሰገደ፤ እሱ ግን በሽታው ባይመጣም የተቃጠለ መስጊድ ነበር የሚጠብቀው። በዚያ ዓመት እንደ ልማዱ ኢዕቲካፍ የሚገባበት ቦታ አልነበረም። ግንቦት 16 ቀን፣ እሑድ፣ ኢድ ሆነ፤ ሶላቱም በየቤቱ ተሰገደ። ዘካተል ፊጥር ግን መስጊድ ስለማያስፈልገው እንደ ወትሮው ከሶላቱ በፊት ተሰፍሮ ይሰጥ ነበር።