ሸክላው ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ?



በእኛ አገር ሸክላ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ጀበናው፣ ምጣዱና እንስራው ነው። ታላላቆቻችን ግን ሌላም ሸክላ ያውቃሉ፤ ዘፈን የተቀረጸበትን፣ ጥቁሩንና ክቡን። ስሙም ይስማማዋል፤ የጥንቱ ዓይነት ከእጅ ካመለጠ እንደ ጀበና ይሰበር ነበር። ኋላ የመጣው ፕላስቲክ ስለሆነ አይሰበርም፣ ግን ይጫራል፣ ሙቀት ካገኘውም ይጣመማል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ድምፁ በክቡ ላይ እንደ ክር በቀጠነ መስመር ይቀረጻል። መርፌዋ በመስመሩ ላይ ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች፤ ያ መንቀጥቀጥ ነው ጎልቶ ዘፈን የሚሆነው። ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል፤ በየገጹም ብዙውን ጊዜ አንድ ዘፈን ይይዛል። ትልቁ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ይዞራል፤ አንዱ ገጹ 20 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል።

የኢትዮጵያዊ ድምፅ በሸክላ ላይ የተቀረጸው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን ያስቀረጹት በአፄ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ዘልለን ለእኛ ለሒሳብ ሠራተኞች ወደሚጥመው እንሂድ። በ1940 ዓ.ም. ገደማ በወጣ ድንጋጌ ሸክላ ከውጭ የማስገባትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ሌላ ሰው በዚህ ንግድ እንዳይገባ ተከለከለ ማለት ነው። አንድ ገዢ ብቻ በመጣበት ቀን ድንቿን ተሸክማ ገበያ የወጣች እናት የዚህን ትርጉም ማንም ሳያስረዳት ታውቀዋለች።

ድንጋጌውን የደፈረው አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሙዚቃ ሱቅ ነበረው፤ የፈረንጅና የሌላ አገር ሸክላ ይሸጣል። ደንበኛው የአገሩን ዘፈን ሲጠይቀው የሚሰጠው አልነበረውም። በ1961 ዓ.ም. የዓለማየሁ እሸቴን ሁለት ዘፈኖች በራሱ ገንዘብ አስቀርጾ፣ ውጭ አገር አሳትሞ አወጣ። ሊታሰር ይችል ነበር፤ አልታሰረም። ከዚያ እስከ 1967 ዓ.ም. ባሉት ጥቂት ዓመታት 100 ገደማ ትንንሽ ሸክላዎችና ጥቂት ትልልቆች በስሙ ወጡ። ፊሊፕስም ተከተለ፤ ቀጥሎ አሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቁት አሊ አብደላ ካይፋ መጡ። ማሕሙድ አሕመድ፣ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ጥላሁን ገሠሠ ዛሬ በድምፃቸው የሚገኙልን በአብዛኛው ያኔ በተሠራው ሥራ ነው።

የሴቶቹን ለብቻ እናንሣ፤ ብዙ ጊዜ በስተመጨረሻ ነው የሚነሡት። ብዙነሽ በቀለ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ትዘፍን ነበር፤ ሒሩት በቀለ ከፖሊስ ሠራዊት ጋር። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ብቻዋን ትበቃ ነበር፤ በዚያ ላይ የመድረክ ተዋናይት ናት። በዚያ ዘመን ዘፋኝ ሴት በሰፈር ምን ስም እንደሚሰጣት እናቶቻችን ያውቃሉ። እነሱ ግን ስማቸውን ከነአባታቸው በሸክላው ላይ አሳትመው አለፉ።

አንዲት ሌላም እናት አሉ፤ ዘፋኝ አይደሉም፣ መነኩሴ ናቸው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1916 ዓ.ም. ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው፣ በወጣትነታቸው ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ። በፒያኖ የደረሱት ዜማ ጀርመን አገር በሸክላ ሲታተም ገቢው ለወላጅ አልባ ልጆች መርጃ እንዲውል አደረጉ። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ሸክላቸው በእኛ ሣጥን ውስጥ የለም። እኛ ግን ይህን ሁሉ ስናነብ ካገኘነው የገረመን እሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሸክላ ሸጦ ሱቅ ሲያሰፋ እሳቸው ሸክላ ሸጠው ልጅ ያበሉ ነበር።

የሸክላው ዘመን አጭር ሆነ። ደርግ ሲመጣ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊት ሙዚቃ ቤቶች ቀዘቀዙ። አምሃ በ1967 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄደ። ካሴት መጣ፤ ረክሶ ይገዛል፣ ቤት ውስጥ ይገለበጣል፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ አዲስ ሸክላ ማሳተም ቆመ። ከ20 ዓመት በኋላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ እነዚያን ዘፈኖች በሲዲ እየሰበሰበ "ኢትዮፒክስ" በሚል ተከታታይ ያወጣ ጀመር፤ ዛሬ ከ30 ያላነሱ ክፍሎች አሉት። ዓለም ሰማ፤ አሰባሳቢም በየአገሩ ተነሣ። የድሮው ሸክላ ዋጋ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሣጥናችን እንመለስ። ባለፈው ዓመት አንዲት እናታችን ከሟች ወንድማቸው የተረፈ የእንጨት ሣጥን ለማኅበሩ ሰጡ፤ 31 ሸክላዎችና በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ማጫወቻ አለበት። ወንድማቸው፣ እንጅባራ ገና ኮሶበር ስትባል፣ መንገድ ዳር ጠጅ ቤት ነበራቸው። እኛም በመዝገብ ላይ "በስጦታ የተገኘ ልዩ ልዩ ዕቃ" ብለን ጻፍን። አገራችን እርጥብ ስለሆነች ልባሱን ሻጋታ በልቶት ነበር። ሸክላዎቹን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ፣ መስመሩን ተከትለን አጥበን፣ አቁመን በጥላ አደረቅናቸው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ይከፈታል። በስልክ እንደሚሰማው አይደለም። ዘፈን አይዘለልም፤ በየአራት ደቂቃው አንዷ ተነሥታ መገልበጥ አለባት፤ ያም ከመካከላችን ታናሽ የሆነችው ሥራ ነው። መርፌዋ ስታርፍ መጀመሪያ የሚሰማው እንደ ቆሎ ሲቆላ የመሰለ ድምፅ ነው፤ ያኔ ወሬ ይቆማል። በአቦል ብዙነሽ፣ በቶና ሒሩት፣ በረካ ላይ እናቶች የመረጡት። አውንጊ እንጂ አማርኛ የማይቀናቸው አንዲት አዛውንት የብዙነሽን ዜማ ያለ ቃሉ ከዳር እስከ ዳር ያንጎራጉራሉ። ምድጃው አጠገብ ግን ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ አንዱ ጠርዙ እንደ ቂጣ ተነሥቶብናል።

ባለፈው ጥቅምት የዘንገናን ሐይቅ ሊያዩ ከመጡ እንግዶች አንዱ ሣጥኑን አይቶ ሙሉውን ልግዛ አለ። ያቀረበው ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ በብድር ዙራችን ለአምስት አባላት ይዳረሳል። ከእነዚህ አምስት አንዷ ላም መግዛት የምትፈልግ፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ እናት ናት። ስለዚህ "ቅርስ ነውና አይሸጥም" ብሎ መዝጋት ለእኛ ይከብደናል። በሌላ በኩል ቅዳሜ ለእንግዶች የሚሸጠው ቡና ገቢ አለው፤ ከቀረበው ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ ግን በየሳምንቱ ይገባል። ሸክላው ከተሸጠ ደግሞ ሁለተኛ አይገኝም።

ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ድርብ የሆኑ አራትና የውጭ አገር ዘፈን የያዙ ሰባት ሸክላዎች አሉ፤ እነዚህ 11ዱ ይሸጡ፣ ገንዘቡም ወደ ብድሩ ይግባ። ላሟን በሙሉ ባይሆንም ግማሿን ይገዛል። የቀሩት 20 በፍላሽ ተቀድተው ይቀመጡ። የሰጪዋ እናትና የወንድማቸው ስም ሣጥኑ ላይ ይጻፍ። እናታችንን ስንጠይቃቸው "የብዙነሽን ብቻ አትንኩብኝ፤ ሌላውን እናንተ ታውቃላችሁ" ብለውናል። ሁሉም ይሸጥ የሚሉ አባላትም አሉ፤ ምክንያታቸው ተሰምቶ ድምፅ ይሰጥበት።

ጉባኤው የሚደረገው ከጥር 23 የፈረሰኞች በዓል በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ከቡና በኋላ ነው። ማጫወቻው ስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ ያሉን አልቀዋልና ከእንጅባራ የምትመጣ አባል ይዛልን ብትመጣ ደረሰኙን እናወራርዳለን።