ርኅራኄና የሰዓት ጥበት፤ ስለ ነርሶች አገልግሎት በኮዬ ፈጬና በመሰል አዳዲስ ሰፈሮች

ሕሙማንን ማገልገል ከጥንት ጀምሮ ከምሕረት ሥራዎች አንዱ ሆኖ ሲቈጠር ስለ ኖረ፣ በነርስ ላይ የሚቀርበው ወቀሳ ሁሉ ወደ ልቧና ወደ ጠባይዋ ያዘነብላል፤ ትዕግሥት አጣች፣ ፊቷን አጠቈረች፣ ቃሏ ሻከረ ይባላል። ወቀሳው ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ የተቈጣችው ሲስተር ተቈጥታለች፣ የተናቀው ታካሚም ተንቋል። ነገር ግን ድርጊቱ የተፈጸመበትን ሰዓትና ሥርዓት ሳይመረምሩ በልብ ላይ ብቻ መፍረድ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ርኅራኄ ከአገልጋይዋ ጠባይ የሚመነጨውን ያህል ጊዜዋን ከሚያደላድለው እጅም ይመነጫልና።

ኮዬ ፈጬ በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከቂሊንጦና ከቱሉ ዲምቱ አቅራቢያ፣ ቀድሞ የእርሻ መሬት በነበረ ሜዳ ላይ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የተሠሩበት ስፍራ ነው፤ ስሙም ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታንና ሌሎችን የዙሪያ ከተሞች አጠቃሎ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከሸገር ከተማ 12 ክፍለ ከተሞች የአንዱ መጠሪያ ሆኗል። እንዲህ ባለው አዲስ ሰፈር ጎረቤት ከጎረቤት ገና አልተላመደም፤ ዕድሩም ሥር አልሰደደም። በአሮጌው ሰፈር ሕመምተኛን ደግፎ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው፣ ወረፋ የሚይዝለትና ካርድ የሚያወጣለት ዘመድ ወይም ጎረቤት ነበረ፤ እዚህ ግን ብዙው ብቻውን ይመጣልና፣ ቀድሞ በአስታማሚ ትከሻ ላይ የነበረው የማጽናናት ሸክም ሳይታሰብ ወደ ነርሷ ተላልፏል።

በአገራችን የጤና ድልድል አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰው እንዲያገለግል ታስቧል። ከዚህ ሕዝብ እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ቢል፣ የሥራውን ቀን 250 ብለን ብንቈጥር፣ በየቀኑ 160 ሰው ደጁን ይረግጣል ማለት ነው፤ ለእርግዝና ክትትል የሚመላለሱት እናቶች፣ ለክትባት የሚመጡት ሕፃናት፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን ሲጨመሩበት ስሌቱ እጅግ ይከብዳል።

ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ይሠራበት የነበረው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ፣ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዐበይት አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ዐሳብ ነው፤ መንግሥት የሕክምናን መልካምነት በመድኃኒትና በሕንፃ ብቻ ሳይሆን በፊትና በቃል ጭምር ለመመዘን መነሣቱ ትልቅ ነገር ነውና። ሆኖም ሥልጠና ልብን ቢያቀና ሰዓትን አያረዝምም።

በ1973 እ.ኤ.አ. ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት በአሜሪካ በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ያደረጉትን ምርመራ አሳተሙ። ደቀ መዛሙርቱ ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው ንግግር እንዲያደርጉ ታዘዙ፤ ለእኩሌቶቹ የተሰጠው ርእስ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበረ። በመንገዳቸው ላይ እያሳለና እያቃሰተ ያቀረቀረ ሰው ተቀምጦ ነበር። ጊዜ አለህ ከተባሉት 63 በመቶ፣ በመጠኑ ከተቻኰሉት 45 በመቶ፣ ዘግይተሃል ፍጠን ከተባሉት ግን 10 በመቶ ብቻ ቆመው ረዱት፤ ስለ ሳምራዊው ለመናገር መሄዳቸውም ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። ይህን ያነበበ ሰው በዚያው ምሳሌ ውስጥ በኢያሪኮ መንገድ ቁስለኛውን አልፈውት ስለ ሄዱት ካህንና ሌዋዊ እንደገና ሳያስብ አይቀርም፤ ምሕረትን የሚያውቅ፣ የሚያስተምርም ሰው በጥድፊያ ውስጥ ሲሆን ዐይኑ ይጋረዳልና። እንግዲህ ለነርሷ ስለ ርኅራኄ እየሰበኩ ከበስተኋላዋ ወረፋውን ማርዘም፣ ለደቀ መዛሙርቱ ርእሱን ሰጥቶ ፍጠኑ ከማለት በምን ይለያል?

በሌላ በኩል ጊዜ ሁሉ በርዝመቱ ብቻ አይመዘንም። በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ሐኪሙ የ40 ሴኮንድ የማጽናኛ ቃል ሲጨምር የሚያሳየውን ፊልም የተመለከቱ ሴቶች ካልተመለከቱት ይልቅ ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። በአሜሪካ በካንሳስ ሆስፒታል ተደርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው ምርመራም፣ ሐኪሙ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያነጋገራቸው ሕሙማን ቆሞ ካነጋገራቸው ይልቅ ረጅም ጊዜ የሰጣቸው እንደ መሰላቸው ገልጧል። ሁለቱም ስለ ሐኪሞች የተደረጉ ቢሆኑም ለነርስ የሚጠቅሙ ናቸው፤ የመርፌ ክፍሉ ለመቀመጫ የሚበቃ ቦታ ካለው አንዲት በርጩማ ማኖር ወጪው ኢምንት ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ፣ ርኅራኄ 40 ሴኮንድ ከበቃው የነርሶችን ቍጥር መጨመር አያሻም የሚል ሰው ቢኖር አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ተመራማሪዋ ሊንዳ ኤይክንና ባልደረቦቿ በአሜሪካ በፔንስልቬንያ 168 ሆስፒታሎች መርምረው በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቍጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ፣ የነርሷም የመዛል ዕድል በ23 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። የዛለች ነርስ ሴኮንዱን ብታገኝ እንኳ የምትሰጠው ቃል ያልቅባታል።

በኮዬ ፈጬ ደግሞ የቋንቋ ነገር አለ። አማርኛና አፋን ኦሮሞ በአንድ ወረፋ በሚሰሙበት ስፍራ፣ ሕመሙን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚናገር አረጋዊ የሚሰማው ካጣ አስተርጓሚ ሲፈለግ ጊዜው ያልቃል፤ ሲስተሯ ግን ሁለቱንም ከቻለች «አባባ፣ የት ጋ ነው ያመመዎት?» የሚለው ጥያቄ በራሱ ግማሽ ፈውስ ይሆናል። ስለዚህ በምደባ ጊዜ ቋንቋን ማየት የክብርም የሰዓትም ጉዳይ ነው። እንዲሁም አንዱን ታካሚ በተለያየ መዝገብ ደጋግሞ መጻፍ ከነርሷ እጅ ወጥቶ ለመዝገብ ሠራተኛ ቢተላለፍ፣ የሚተርፈው ደቂቃ ለሕመምተኛው ሊሰጥ ይችላል።

የአስተያየት መስጫ ሣጥኑን የሚከፍት የጤና ጣቢያ ኃላፊም ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ መልካም ነው፤ አንደኛው ታካሚው የጻፈው ወቀሳ፣ ሁለተኛው በዚያው ቀንና በዚያው ክፍል ስንት ነርሶች ስንት ሰው እንዳስተናገዱ የሚያሳየው የተራ መዝገብ ገጽ።