እኩል ልክ ሆነው የሚለያዩ ሞዴሎችን ስለ መምረጥ፤ ከኮፐርኒከስ እስከ ስማዳ

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ተራራ ወዲህ ያለውን ደጋ ይዘው ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርዱ አገሮች ናቸው። መሬቱ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ድንጋይ ነው። ቁልቁለቱ ብርቱ፣ የክረምቱም ዝናብ ከባድ ስለ ሆነ የበሰበሰው ድንጋይና አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ይናዳል። ስለዚህ የትኛው ተዳፋት ያሰጋል የሚለው ጥያቄ ለአገሩ ገበሬ የቤቱና የማሳው ጥያቄ ነው።

ዛሬ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ የሚፈለገው ከመረጃ በሚማሩ የኮምፒዩተር ሞዴሎች ነው። ሁለት ሞዴሎች ባለፈው ነገር ሲፈተኑ እኩል ልክ ሆነው ስለሚመጣው ግን የተለያየ ቃል ቢሰጡ የትኛውን እንቀበል? በዚህ ጽሑፍ የጥያቄውን ታሪክ ባጭሩ ከተመለከትን በኋላ፣ የመፈተኛው ነጥብ ሳይመርጥ ሲቀር የሚመርጠው ሰው ስለ ሆነ ምክንያቱን መግለጽ ግዴታው መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሀ. ከኮምፒዩተር በፊት

ኮፐርኒከስ ፀሐይን በመካከል ያደረገውን ሥርዓት በ1543 ባሳተመ ጊዜ፣ የፕላኔቶችን ቦታ አስቀድሞ በመናገር ረገድ ከግሪኩ ሊቅ ከፕቶለሚ ሥርዓት ይህን ያህል ብልጫ አልነበረውም። ሁለቱም ሰማዩን በተቀራረበ ልክ ይተነብዩ ነበር፤ ስለ ዓለም አሠራር የሚናገሩት ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ስለሆነም ሊቃውንቱ በሌላ ሚዛን መረጡ። አንዱ የሥርዓቱን ውበትና ስምምነት፣ ሌላው በጊዜው ከታወቀው ፊዚክስና ከሃይማኖት ትምህርት ጋር መስማማቱን ተመለከተ። ክርክሩ ወደ መፈታት የተቃረበው ኬፕለር በቲኮ ብራሄ የተሻለ ምልከታ ተመርቶ የማርስ መንገድ ሞላላ መሆኑን በ1609 ካሳተመና በ1627 አዲሱን ሠንጠረዥ ካወጣ በኋላ ነው። እኩልነቱን ያፈረሰው እንግዲህ አዲስ ምልከታ ነበር።

ለ. የብሬማን ማስታወሻ

በዘመናችን ነገሩን በግልጽ ያነሣው የበርክሊው የስታቲስቲክስ መምህር ሊዮ ብሬማን ነው። በ2001 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያለ ምሳሌ አቀረበ። 30 ምክንያቶች ቢኖሩንና ከነዚህ የተሻሉትን 5 መምረጥ ብንፈልግ፣ ሊሠሩ የሚችሉት የአምስት አምስት ስብስቦች ከ140,000 ይበልጣሉ። ስሕተታቸው ከሁሉ ከሚሻለው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይርቅ ብዙዎች ይገኛሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የተለየ ምክንያት ይቆጥራል። ብሬማን ይህን «ራሾሞን» ብሎ ሰየመው፤ ስሙን የወሰደው የአንድን ሰው ሞት ልዩ ልዩ ሰዎች በየበኩላቸው ከሚተርኩበት ከ1950ው የኩሮሳዋ ፊልም ነው።

ከእርሱ በኋላ ሲንሥያ ሩዲን በ2019 እንደ ተከራከረችው፣ እኩል ልክ የሆኑት ብዙ ከሆኑ በመካከላቸው ሰው ሊረዳው የሚችል ቀላል ሞዴል መኖሩ የሚጠበቅ ነው፤ ስለዚህም የሰው ኑሮ በሚወሰንበት ጉዳይ ቀላሉን መፈለግ ይገባል።

ሐ. የዓባይ ተፋሰስ

ጉዳዩ ከአገራችን የራቀ አይደለም። በ2009 በታተመ አንድ ጥናት የላይኛው ዓባይ ተፋሰስ በ17 የአየር ንብረት ሞዴሎች ተመርምሯል። እነዚህ ሞዴሎች ከመረጃ የሚማሩ ሳይሆኑ በፊዚክስ ሕግ የሚሠሩ ናቸው፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። ውጤታቸው አስቀድሞ ካለፈው ዘመን መዝገብ ጋር እንዲስማማ ታርሟል። ይሁንና ከ2081 እስከ 2098 ስላለው ዘመን ሲጠየቁ፣ 10ሩ የዓመቱ ዝናብ ይቀንሳል፣ 7ቱ ይጨምራል አሉ፤ ልዩነቱም ከመቶ 15 መቀነስ እስከ ከመቶ 14 መጨመር ደረሰ። አማካዩ ቢወሰድ ለውጥ የለም ለማለት ጥቂት ይቀረዋል። ይህን አማካይ ብቻ የሰማ ሰው ሞዴሎቹ ተስማምተዋል ብሎ ሊሳሳት ይችላል። በሙቀቱ ግን ሁሉም ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ይጨምራል ብለው ተባብረዋል። ስለሆነም የተስማሙበትን እንደ ጽኑ መሬት ይዞ፣ ባልተስማሙበት ለሁለቱም መዘጋጀት የሚገባ ይመስለናል።

መ. የስማዳ ናዳ

በ2020 ሁለት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የስማዳን አካባቢ የናዳ ሥጋት ካርታ በሁለት የስታቲስቲክስ ዘዴዎች ሠርተው አሳትመዋል። የመጀመሪያው ዘዴ የድግግሞሽ ንጽጽር ነው፤ ለምሳሌ አንድ ዓይነት ተዳፋት ከመሬቱ 10 እጅ ይዞ ከናዳው 30 እጅ ከተገኘበት ነጥቡ 3 ይሆናል። ሁለተኛው የማስረጃ ክብደት ይባላል፤ የአንድ ምክንያት መኖር ሥጋቱን ምን ያህል እንደሚጨምር፣ አለመኖሩም ምን ያህል እንደሚቀንስ ለየብቻ ይመዝናል። እንዲህ ያሉ ካርታዎች የሚፈተኑት በተመዘገበው ናዳ ነው።

የሚከተለው ቁጥር ከጥናቱ የተወሰደ ሳይሆን ለማስረዳት ያህል ያቀረብነው ነው። ሁለት ካርታዎች እያንዳንዳቸው ከ100 ናዳ 80ውን ቢያገኙ በነጥብ እኩል ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም በአንድነት የሚያገኙት 60 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ 20ውን የመጀመሪያው ብቻ፣ 20ውን ሁለተኛው ብቻ ያገኛል ማለት ነው። በድምር እኩል ይሁኑ እንጂ ከነዚያ 40 ተዳፋቶች ሥር ላለው መንደር እኩል አይደሉም።

ምርጫው እንግዲህ በጉዳዩ ዓይነት ይለያል። ሥራው ሕዝቡን በክረምት ማስጠንቀቅ ከሆነ፣ አንዱ ካርታ ብቻ ያሰጋል ያለውንም መጨመር ይሻላል፤ ከንቱ ማስጠንቀቂያ ቢበዛም ጉዳቱ ትንሽ ነውና። ሰውን ከአያት ከቅድመ አያቱ መሬት ማንሣት ከሆነ ግን ሁለቱ ከተባበሩበት መጀመር ይገባል፤ ምክንያቱም ስሕተቱ ቤት ያፈርሳል። በተለያዩበት ተዳፋት ደግሞ በእግር ሄዶ ስንጥቁን፣ ምንጩንና ያጋደለውን ዛፍ ማየት፣ ሽማግሌዎችንም ስለ ቀድሞው ናዳ መጠየቅ ያስፈልጋል። የተማሪ ጊዜና ገንዘብ ጥቂት ስለ ሆነ የካርታዎቹ አለመስማማት ወዴት መሄድ እንዳለብን ያመለክተናል።

ሠ. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ ከእኩሎች አንዱን መርጦ ሌሎቹን ዝም ማለት ለአንባቢው ሊታወቅ የሚገባውን ማስቀረት ነው። ስለዚህ በኮሌጃችን ሞዴል የሚሠራ ተማሪ ሁሉ ሦስት ነገሮችን ቢጽፍ እንወዳለን፤ ስንት ተቀራራቢ ሞዴሎች እንዳገኘ፣ የት እንደሚለያዩ፣ አንዱንም በምን ምክንያት እንደ መረጠ። ይህ ከተጻፈ፣ ካርታውን ይዞ ወደ ስማዳ የሚወርደው የወረዳ ሠራተኛ የትኛውን መስመር አምኖ፣ የትኛውን ደግሞ በዓይኑ አይቶ መወሰን እንዳለበት ያውቃል።